የሄራን ተራ

ጠዋት ጠዋት የሕንፃው ሴቶች ከቤት የሚወጡት ግራ ክንዳቸውን አንስተው ነው። ደረጃው የሚያልቅበት ግድግዳ ላይ፣ ድሮ የመብራት ቆጣሪዎች ተደርድረው በነበሩበት ቦታ፣ አሁን አንዲት ትንሽ ማንበቢያ ተተክላለች። ክንድ ሲጠጋላት ታበራለች። አረንጓዴ ካበራች የመንገዱ በር ይከፈታል። ቢጫ ካበራች በሩም ይከፈታል፣ ስምም ይጠራል። ቀይ ካበራች የሚከፈተው የመንገዱ በር ሳይሆን የጓሮው በር ነው፤ ቀይ ክንድ ያላት ሴት ግቢውን እየዞረች ላቧን ሳታፈስ ገበያ አትወጣም።

ይህ የሚመለከተው የወር አበባቸው የቆመ ሴቶችን ነው። በቆመ ሰሞን ክንዳቸው ውስጥ፣ ከቆዳቸው ሥር፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ትገባለች። መሥሪያ ቤቱ ረጅም ስም ሰጥቷታል፤ ሰው ግን ቆጣሪ ነው የሚላት። ምን እንደምትቆጥር የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፣ ትምህርት ቤት በዜማ ያስጠኑታል። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም፣ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ይልካል። የሴት የእንቁላል ከረጢት፣ ኦቫሪ፣ ሥራውን ሲያቆም የሴቷን ሆርሞን፣ ኤስትሮጅንን፣ የሚያመርተው ስብ ነው። ጡት ደግሞ የተላከለትን ሁሉ ይሰማል፤ እደግ ሲባል ያድጋል፣ ካንሰርም የሚጀምረው እንዲሁ ነው። ነገሩ ውሸት አይደለም። ብዙ ሴትም አትርፏል። የዛሬ ስንት ዓመት በየሰፈሩ በየሳምንቱ ይተከል የነበረው የለቅሶ ድንኳን አሁን እንደዚያ አይተከልም።

ኤልዳና ዮናታን ክንዷን አንስታ አረንጓዴ ያልበራበት ቀን የለም። ፎቶዋ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ የእድሩ ማስታወቂያ አጠገብ ተሰቅሏል። ከሥሩ «የዓመቱ ንጹሕ ክንድ» ይላል። ስልሳን አልፋለች፣ ቀጭን ናት፣ ባሏ ሞቷል፣ አንድ ልጇ ድሬዳዋ ነው የሚሠራው። ሄራን ቢንያም ደግሞ ፊት ለፊቷ ያለው ቤት ትኖራለች። ስማቸው እንደሚያሳብቅባቸው ሁለቱም የድሮ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ልጁን ኤልዳና ወይም ሄራን ብሎ የሚጠራ ወላጅ የለም።

ሄራን ወፍራም ናት። እናቷም ወፍራም ነበሩ፣ አክስቶቿም። ተርባ አይታዋለች፣ እየዞረች አይታዋለች፣ ክንዷ ግን ቀይ ነው። ጓሮው ውስጥ በእግር የተደለደለውን መንገድ ሰው «የሄራን ዙር» ነው የሚለው። ቀይ ክንድ ያላቸው በየሦስት ወሩ ለምርመራ ይጠራሉ። እሷም ትሄዳለች፣ ማሽኑ ጡቷን ያያል፣ ምንም አያገኝም፣ ትመለሳለች። ጎረቤቶቿ ተመስገን ይላሉ፤ ቀጥለው ደግሞ «ለዛሬ ነው እንግዲህ» ይሏታል።

ሴቶቹ ክፉ ሆነው አይደለም። እድሩ ድሮ የቀብር እድር ነበር፤ ድንኳንና ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስት። የሕክምና ሽፋን በሰው መሆኑ ቀርቶ በእድር የሆነ ጊዜ ሥራ ተጨመረበት፤ የሞተውን መቅበሩ እንዳለ ሆኖ ያልሞተውንም መጠበቅ መጣ። አንድ እድር ውስጥ ቀይ ክንድ ሲበዛ የሁሉም ሽፋን ይወርዳል። ስለዚህ የአንዷ ጉሮሮ የሁሉም ጉዳይ ሆነ። የተነጠረ ቅቤ ሽታ ተከትላ በር የምታንኳኳ ጎረቤት «ለራስሽ ብዬ ነው» ትላለች፣ ከልቧም ነው። ጉርሻ የቀረውም እንዲሁ ነው። ከሰው እጅ የመጣ ጉርሻ ልክ የለውም ተባለና ክልከላው ደንብ ውስጥ ገባ።

የሄራን ልጅ ባገባች ጊዜ ሄራን ደስታዋ ደንቡን አስረሳትና ጠቅልላ ወደ ኤልዳና አፍ እጇን ሰደደች። ኤልዳና የእጇን አንጓ ያዘችና ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። ይህን ያደረገችው በሰው ሁሉ ፊት ነው። ሰዎቹም አመሰገኗት። ሄራን ሳቀችና ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው አልቀረም፣ ግን ደጃፍ ላይ የሚያልቅ ሰላምታ ሆነ።

ኤልዳና እብጠቱን ያገኘችው ገላዋን ስትታጠብ ነው። ከግራ ጡቷ በውጭ በኩል፣ ወደ ብብቷ ጠጋ ብሎ፣ ሽምብራ የሚያህል ነገር። አያምም። ቢያም ይሻላት ነበር። ሳሙናውን አጥባ ደግማ ዳሰሰችው፣ ፎጣ አገልድማ ደግማ ዳሰሰችው፤ አለ። ልጇ ጋ ደወለች። «አረንጓዴ ነሽ አይደል እማ?» አላት። አረንጓዴ ነኝ አለችው። «በቃ» አለ ልጇ፣ እፎይ ብሎ።

ጤና ጣቢያ ሄደች። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ወጣት ትሁት ነበር።

«ማዘር፣ ክንድዎን።»

ክንዷን አስጠጋች፣ አረንጓዴ በራ።

«ማዘር፣ የእርስዎ ተራ ገና ነው። አረንጓዴዎች በአምስት ዓመት አንዴ ነው።»

«አውቃለሁ። እብጠት አግኝቼ ነው።»

ወጣቱ ማንበቢያውን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። «አረንጓዴ ላይ ነዎት እኮ።»

«እጅህን ስጠኝና ዳስሰው።»

ጆሮው ቀላ። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገና «እኛ በእጅ አናይም ማዘር» አለ። ስላሳዘነችው ውሃ ቀዳላት። ከዚያም አንድ መንገድ እንዳለ ነገራት፤ የእድሯ ሊቀመንበር መጥተው «ቆጣሪዋን ተጠራጥረናል» ካሉ፣ ተራዋን ሳትጠብቅ ትታያለች።

የእድሩ ሊቀመንበር እትዬ ሶሊያና ናቸው። ሊቀመንበር ከመሆናቸው በፊት ገናዥ ነበሩ፣ አሁንም ናቸው። ሕንፃው ውስጥ ሴት ስትሞት ገላዋን አጥበው የሚገንዙት እሳቸው ናቸው፣ ቆጣሪዋን ከክንዷ አውጥተው ለመሥሪያ ቤቱ የሚመልሱትም እሳቸው ናቸው። ኤልዳና ቤታቸው ሄዳ ቁጭ አለችና የሆነውን ነገረቻቸው። አዳመጧት። አንዴም አላቋረጧትም።

«ቆጣሪ ተጠራጠርን ያልን ዕለት» አሉ በመጨረሻ፣ «የሕንፃው ቆጣሪ በሙሉ ይፈተሻል። ተፈትሾ እስኪያልቅ ሽፋኑ ይታገዳል። አምስተኛ ፎቅ ያለችው ኬሞዋን ገና አልጨረሰችም። እሷን ምን ልበላት?»

«እትዬ፣ እኔስ?»

«አንቺማ አረንጓዴ ነሽ። ከስንቱ የተረፈ ክንድ ይዘሽ እግዜርን አታስቀይሚው።»

«ቢዳስሱት እኮ ያውቁታል።»

እትዬ ሶሊያና እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አላወጡም። «ይተዋል። እብጠት ይመጣል፣ ይሄዳል» አሉ። በር ድረስ ሸኟት። ደረጃው ላይ የገዛ ፎቶዋ ፈገግ ብሎ ጠበቃት።

ያን ጊዜ ነው ለመቅላት የወሰነችው። ቀይ ከሆነች በሦስት ወር ውስጥ ትጠራለች፣ ማሽን ፊት ትቆማለች፣ ማሽኑ ያየዋል። የእድሩ ሽፋን በአንድ ቀይ ክንድ አይወርድም፤ ያንን አስልታለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከአፏ ስትቀንስ የኖረች ሴት ለመብላት ተነሳች።

ለመብላት መነሳት ቀላል ነው፣ የሚበላውን ማግኘት ነው ችግሩ። ሱቁ ዘይት የሚሸጠው በክንድ ነው፣ ለአረንጓዴም ቢሆን በልክ። ቅቤ የሚገባበት አንድ ቤት ቢኖር አራስ ቤት ነው፤ ወላድን የሚነካ ደንብ እስካሁን አልወጣም። እንደ ዕድል ሦስተኛ ፎቅ አንዲት አራስ አለች። ኤልዳና እንኳን ማርያም ማረችሽ ልትል ሄደች። ገንፎ ቀረበ፣ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤና በርበሬ የተሞላ። እንግዳ ቀምሶ ይተዋል፤ ኤልዳና ግን ሳህኑን ጠረገችው። በሳምንቱ ሄደች፣ ከዚያም በሁለት ቀኑ። የአራሷ እናት ልጁን ሳይሆን ድስቱን ለማየት የምትመጣ ሴት እንዳለች ገባቸው፤ ግን ገመናዋ ነው ብለው ዝም አሉ። ቤቷ ስትገባ በር ዘግታ ስኳር በማንኪያ ቃመች። መራመድ ተወች። ሊፍት የሠራ ዕለት ሊፍት ጠበቀች።

ጠዋት ክንዷን ስታነሳ አረንጓዴ ይበራል። ማንበቢያዋ ጥግ ላይ የክንድን ልክ የሚያሳየው መስመርም እየወረደ ሄደ። ቀሚሷ ሰፋት። የአንገቷ አጥንት ወጣ። የምትበላው የት እንደሚገባ አታውቅም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ታውቃለች። ሽምብራው ባቄላ አክሏል።

«ምን እያደረግሽ ነው? ንገሪን እንጂ» ይሏታል ሴቶቹ ደረጃው ላይ እየጠበቁ። «ውሃ በሎሚ ነው?» ትላለች አንዷ። ሌላዋ ወገቧን በሁለት እጇ ለክታ ታደንቃለች። በእድሩ ስብሰባ ላይ ስሟ እንደገና ለንጹሕ ክንድ ተጠራና ተጨበጨበላት። ኤልዳና ተነስታ እጅ ነሳች። ፈርታ ነበር። እያጨበጨቡ ሊቀብሯት እንደሆነ ተሰማት፤ አንዳቸው እንኳ ቢጠሏት ኖሮ ደግሞ እንዲህ አይከብዳትም ነበር። በየጠዋቱ በር እየተከፈተላት የታሰረች ሴት ሆነች።

አንድ ቀን የመንገዱ በር ሲከፈትላት አልወጣችም። ተመልሳ በጓሮው በር በኩል ከሄራን ኋላ ተከትላ ገባች። ሄራን ዙሯን ጀምራለች፣ ታለከልካለች፣ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች።

«ምነው፣ አረንጓዴ ሰለቸሽ?» አለቻት ሳትቆም።

«ሄራን።»

ድምፅዋ ሳይሆን አይቀርም ሄራንን ያቆማት። ዞረች። ኤልዳና የግድግዳው ጥግ ላይ ቆማ ነገረቻት፤ ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ እትዬ ሶሊያና፣ ስለ አራሷ ገንፎ ሳይቀር። ሄራን «አረንጓዴ እኮ ነሽ» አላለችም። ከሰው ሁሉ እሷ አላለችም። እጇን በነጠላው ሥር አሳልፋ ዳሰሰች። ጣቶቿ ቦታውን ሲያገኙ ቆሙ። ስንት ዓመት ማሽን እያያት ምንም ያላገኘባት ሴት፣ አሁን ራሷ ዳስሳ አገኘች።

«ውይ እህቴ» አለች። ከዚያ ላቧን ጠረገችና «ተራዬ ሐሙስ ነው» አለች።

«የምን ተራ?»

«የማሽኑ ተራ ነዋ። እኔ ላይ ምን ይሠራል? ሁልጊዜ እኮ በባዶ ነው የምመለሰው።»

ሰውን ብቻውን ሐኪም ቤት እንዲሄድ የሚያስገድድ ደንብ አልወጣም፤ ቢወጣም የሚያከብረው አይገኝም። ሐሙስ ሁለቱ አብረው ሄዱ። ሄራን ትልቅ ጋቢ ለብሳለች። የምርመራው ክፍል ለአንድ ሰው የተሠራ ጠባብ ሣጥን ነው፤ ሄራን መጀመሪያ ገባች፣ ከዚያ ኤልዳናን በክንዷ ጎትታ ጋቢው ውስጥ አስገባቻትና በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። ሆድ ለሆድ ተጣበቁ። መተንፈሻ የለም። ሄራን ሳቅ አፍኗት ትንቀጠቀጣለች፣ ኤልዳና ደግሞ ለቅሶ ነው ያፈናት።

«ክንድ ያስጠጉ» አለ ማሽኑ።

ሄራን ክንዷን ሰጠች። ቀይ በራ።

«ጡት ያስጠጉ።»

ማሽኑ የማንን አላለም። ኤልዳና ቀሚሷን ገልጣ ቀዝቃዛው ሳህን ላይ ተጠጋች። ሄራን ክንዷን እንደዘረጋች አንገቷን ወደ ጣሪያ ቀና አድርጋ ቆየች። ማሽኑ ከወትሮው ቆየ። ከዚያ «አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ሄራን» አለ።

ሲሄዱ ምርመራውን እንጂ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አላሰቡትም ነበር። ሕንፃቸው ጋ ሳይደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ደረሰ፤ የአባል መታመም ለእድሩ ወዲያው ነው የሚነገረው። ሄራን ቤት ሴቶቹ ወንበር እየያዙ ገቡ። ደረታቸውን የሚመቱ አሉ፣ ከልባቸው የሚያለቅሱ አሉ። ካንሰር ተገኝቷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቀዶ ጥገና ነው።

«ይኸው! አልነበረም እንዴ የምንልሽ?» አለች አንዷ እንባዋን እየጠረገች። «በገዛ አፍሽ፣ እህቴ፣ በገዛ አፍሽ።»

«ቅቤውን ተይ ስንልሽ።»

«እናቷም እንዲሁ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና አንድ ቀን አልሰማ አሉ።»

ሄራን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። እናቷ የሞቱት በመኪና አደጋ ነው። ኤልዳና ከአጠገቧ ነበረች። በሌላ በኩል የተቀመጠችው ጎረቤት የኤልዳናን እጅ ዳበስ አድርጋ «አንቺ እንኳን ቀድመሽ ሰማሽ፣ ተረፍሽ» አለቻት። ኤልዳና ልትነሳ፣ ልትናገር አፏን ከፈተች። ሄራን የእጇን አንጓ ያዘችና አስቀመጠቻት። መሥሪያ ቤቱ ማታለሉን የሰማ ዕለት እድሩ በሙሉ ከሽፋን ይወጣል፤ ሁለቱም ያውቁታል። ቀዶ ጥገናው ለሄራን ክንድ ተፈቅዷል፣ በሽታው በኤልዳና ጡት ውስጥ ነው፣ የሐኪም ቤት አልጋ ላይ ደግሞ ጋቢ ለብሰው ሁለት ሆነው አይተኙም።

ሴቶቹ ወጡ። እትዬ ሶሊያና እንደ ወጉ ኋላ ቀሩ። ሄራን ተነስታ በሩን ዘጋችና «እትዬ፣ እኔ ደህና ነኝ» አለቻቸው። የተቀረውን ኤልዳና ተናገረች። ስትጨርስ ፈቃድ አልጠየቀችም፣ ከነጠላው ሥር የአሮጊቷን እጅ ስባ አወጣችና ጡቷ ላይ አደረገችው።

እትዬ ሶሊያና እጃቸውን አላነሱም። ጣታቸው እዚያው ቆየ፣ የሚያውቀውን ነገር እንዳገኘ ሰው እጅ።

«አራተኛ ፎቅ የነበሩት ሰብለወንጌል» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሳጥባቸው አግኝቻለሁ። አረንጓዴ ነበሩ። ከሳቸው በፊትም አንዲት ነበረች። ያቺም አረንጓዴ ነበረች።»

«ለምን አልተናገሩም?» አለች ሄራን።

«ለማን? ለሞተ ሰው ብዬ ያለውን ሁሉ ሽፋን ላሳጣ? አጠብኩ፣ ገነዝኩ፣ ዝም አልኩ።» ወደ ኤልዳና ዞሩ። «አንቺ ቤቴ የመጣሽ ዕለት እጄን የደበቅኩት ስለማውቅ ነው። ብነካው ዝም ማለት አልችልም ነበር።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አሁንማ ነካሁት።»

ወጡና ቦርሳቸውን ይዘው ተመለሱ። ሁለቱም ያንን ቦርሳ ያውቁታል፤ ለቅሶ ቤት ካልሆነ አይታይም። ጥጥ አለበት፣ ክር፣ ምላጭ፣ ትንሽ መቆንጠጫ። ጀምበሯ ገና አልጠለቀችም፣ በመስኮት ገብታ የጠረጴዛውን ላስቲክ ታሞቀዋለች። እትዬ ሶሊያና ምላጩን በአልኮል ጠርገው ያዙና እንደገና አስቀመጡት።

«ከሕያው ሰው አውጥቼ አላውቅም» አሉ።

«ሞተናል ብለው ይሥሩት» አለች ሄራን።

መጀመሪያ የሄራንን አወጡ። አልጮኸችም፣ ትራስ ነክሳ የማታውቀውን ሰው ሁሉ ሰደበች። ከዚያ የኤልዳናን አወጡ። ሁለቱ ፍሬዎች ጥጥ ላይ ተቀመጡ፤ አንዱ ከሌላው በምንም አይለይም። እትዬ ሶሊያና የቱ የማን እንደሆነ እንዳይጠፋቸው አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ አራርቀው አስቀመጧቸው። ከዚያ የሄራንን ለኤልዳና፣ የኤልዳናን ለሄራን ከተው ሰፉ። ስፌታቸው የመግነዝ ስፌት ነው፣ ጠንካራ።

ቆጣሪ የነበረበትን ገላ ቶሎ አይረሳም። በማግስቱ ጠዋት ኤልዳና ክንዷን አነሳች፣ ቀይ በራ። የጓሮው በር ተከፈተ። ሄራን አነሳች፣ አረንጓዴ በራ። የመንገዱ በር ተከፈተላትና ደፍ ላይ ቆማ ቀረች። ሳትዞር ከወጣች ስንት ዓመቷ። ወዴት እንደምትሄድ አላወቀችም።

ቆጣሪ ይታለላል፣ ጎረቤት አይታለልም። አጥንቷ የወጣው ሴት ቀይ ስትሆን፣ ደረጃው የሚጠባት ሴት አረንጓዴ ስትሆን ሴቶቹ አዩ። የአንዷ አፍ ተከፈተ። እትዬ ሶሊያና ደረጃው ላይ ቆመዋል፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ለቀብር እንደሚያደገድጉት። ያየቻቸው ሁሉ አፏን ዘጋች። አምስተኛ ፎቅ ያለችው፣ ኬሞ ላይ ያለችው፣ ኤልዳናን ስታልፍ ትከሻዋን ነካ አደረገችና ወረደች። ሳምንቱ እንዲህ አለፈ። ሄራን ውስጥ የገባው ቆጣሪ በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆነ። «ሁለት ቀንም ቢሆን አረንጓዴ አየሁ» አለች ሄራን።

የቀዶ ጥገናው ዕለት እድሩ እንደ ወጉ ታማሚዋን ሸኘ። ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው የኤልዳናን ክንድ አስነበበ። ማንበቢያው ሄራን ቢንያም ብሎ ጻፈ፣ ፎቶም አወጣ። ጉንጯ የሞላ ሴት ፎቶ። ዘበኛው ፎቶውን አየ፣ ኤልዳናን አየ።

«ይቺ…» አለ።

«ታማለች» አሉ እትዬ ሶሊያና። «የታመመ ሰው ይከሳል።»

«እናት፣ ይሄ እኮ…»

«እድሯ ነን። እኛ እናውቃታለን ወይስ አንተ?»

ዘበኛው ወደ ሴቶቹ ዞረ። ደረቱን ሲመታ የሰነበተው ያ ሁሉ ሰው ኋላቸው ቆሟል። «ሄራን ናት» አለች አንዷ። «ሄራን ናት» አሉ ሌሎቹ። ጉንጯ የሞላው ሴት ከመካከላቸው ሆና፣ የኤልዳናን ፌስታል እንደያዘች፣ እሷም «ሄራን ናት» አለች። ዘበኛው በሩን ከፈተ።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሄደ። ኤልዳና ስትነቃ ደረቷ በግራ በኩል ታስሮ፣ ሄራን አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የአስታማሚዋ ክንድ ሲነበብ ኤልዳና ዮናታን ነው ያለው። ቀትር ላይ ሐኪሙ መጣ። ወጣት ነው፣ ደክሞታል። አልጋው እግርጌ ቆሞ ያየው በእጁ የያዘውን ሰሌዳ ነው።

«ወይዘሮ ሄራን።»

«አቤት» አለች ኤልዳና። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ትንሽ ዘገየች።

«እብጠቱን አውጥተነዋል። በጊዜ ነው የደረስነው፣ እድለኛ ነዎት። ቆጣሪዎ ነው ያተረፈዎት።» ሰሌዳውን በጣቱ ገፋ አደረገ። «አሁን የሚያሰጋኝ ስቡ ነው። ሆርሞኑ ትንሽ ወርዷል፣ ግን ገና ቀይ ላይ ነዎት፤ የኋላ ታሪክዎም ጥሩ አይደለም። ስቡ ካልቀነሰ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ከዛሬ ጀምሮ ምግብዎ ግማሽ ነው። ቁስሉ እንደ ጠገገ ደግሞ ዙር ይጀምራሉ፣ እድርዎ ይከታተላል።»

ኤልዳና ከአንሶላው በላይ የወጣውን የገዛ አጥንቷን አየች። ሐኪሙ ቀና ቢል ያየው ነበር። አልተናደደባትም፣ ክፉም አልነበረም፤ ሲወጣ የአልጋዋን ጠርዝ በእጁ መታ መታ አድርጎ «አይዞዎት» አለ። ኤልዳና ተናግራ እውነቱን ብታወጣ እነዚያን በር ላይ የቆሙትን ሁሉ ታስቀጣለች። ካልተናገረች እስክትሞት ሄራን ናት፣ ከዚህ በኋላ የምትበላው የሄራንን ግማሽ ምግብ ነው፣ የምትዞረውም የሄራንን ዙር። ድና ነበር፤ መውጫ ግን አልነበረም። አለቀሰች፣ ስፌቷ እንዳይወጠር ቀስ ብላ።

ምሳ መጣ። ለታማሚዋ ሳህን ላይ ግማሽ እንጀራና የምስር ወጥ ጭላፊ። የአስታማሚዋ ሳህን ግን ሙሉ ነው፤ የኤልዳና ታሪክ ንጹሕ ስለሆነ ሽሮም አለው፣ እንቁላልም አለው። ምግቡን ያመጣችው ነርስ በሩ ላይ ዞር አለች።

«እማማ ኤልዳና፣ አደራዎን ለታማሚዋ እንዳያካፍሏት። ለራሷ ሲሉ።»

«እሺ ልጄ» አለች ሄራን።

በሩ ተዘጋ። ሄራን ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበች። ነጠላዋን ከጣሪያው ካሜራ ዓይን እንዲጋርዳቸው ራሷና ኤልዳና ላይ ዘረጋችው፤ ሣጥኑ ውስጥ እንደነበሩት ተጠጋጉ። ከሙሉው ሳህን ቆረሰች፣ እንቁላሉን ጨመረች፣ ሽሮ አጠቀሰች፣ ጠቀለለች። ደህና ትልቅ ነው። ኤልዳና እጇን አየች። ያ የሠርግ ቀን ትዝ አላት፤ ሄራንም ትዝ እንዳላት ከፊቷ አወቀች። ይቅርታ ልትል ከንፈሯን አላቀቀች።

«አፍሽን ክፈቺ፣ ሄራን» አለች ሄራን።

ከፈተች።